ሚስማር ያልነካው መስኮት

ኻላ ሻይስታ ቤቷን ስታከራይ ውል አላስፈረመችም፤ አስማለች እንጂ። "ግድግዳዬ ላይ ሚስማር አይመታም፣ መሰርሰሪያም አይገባም። የፊተኞቹ ወንፊት አድርገውት ነው የሄዱት። ግድግዳዬን የበሳ ልቤን እንደበሳ ነው" አለች። መህሩኒሳና እናቷ ማሉ። በፓኪስታኗ ሙልታን ወንድ የሌላቸው ሁለት ሴቶች የሚከራዩት ቤት እንደ ልብ አይገኝም፤ ከዚያ የባሰ ቢያስምሏቸውም ይምሉ ነበር።

የተከራዩት የላይኛውን ፎቅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አክስት እንደማለት "ኻላ" የሚላት ባለቤቲቱ ከልጇ ከኡሩሳ ጋር ታች ትኖራለች። ችግሩ የመህሩኒሳ መኝታ ክፍል መስኮት ነበር። ፊት ለፊቱ፣ ከግቢው ማዶ፣ የኻላ ሻይስታ ሰገነት አለ፤ ሰገነቱ ላይ የገመድ አልጋ አለ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ የገመድ አልጋው ላይ ኻላ ሻይስታ አለች። እጇ አተር ይፈለፍላል፣ ዓይኗ መስኮቱን። መጋረጃ እንዳይሰቀል ሚስማር ክልክል ነው። መስኮቱ እንዳይዘጋ ሙቀቱ ዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ያበስላል። እናትየው አንድ ጊዜ መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ለጥፋ ነበር፤ መስኮቱ ሲከፈት ጋዜጣውም አብሮ ተከፈተ።

የሳሊክ ነገር እስኪመጣ ድረስ ይህን ሁሉ ችለውት ኖሩ።

መህሩኒሳ የሴቶች ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ሰፈር አቆጣጠር እናትን እንቅልፍ የሚነሳ ዕድሜ። ሳሊክ የመስኖ መሐንዲስ ነበር። ከእናቱ ጋር ለጋብቻ ሊያያት በመጣ ቀን ምን እንደምታስተምር ጠየቃት፤ ስለ ብርሃን ስትነግረው እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ሌላ ምንም አላደረገም። ለእሷ ግን በቃት፤ ለሦስት ሳምንት ያህል ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዛ በራሷ ፈገግ ትል ነበር።

የወንድ ወገኖች ሻይ ጠጥተው ወደ ቤታቸው ብቻ አይሄዱም፤ ጎረቤት ይጠይቃሉ። ሳይጠይቁ ልጅ መዳር ዓይን ጨፍኖ መንገድ እንደመሻገር ነው። የሳሊክ እናትም ታች ኻላ ሻይስታ ዘንድ ገብታ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ስልክ አልተደወለም። የሳሊክ የአክስት ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ታስተምር ነበርና የተባለውን ቃል በቃል ለመህሩኒሳ አመጣችላት።

"ልጅቷ ጨዋ ናት፤ አልዋሽም። ብቻ ማታ ማታ ፀጉሯን ለቃ ከስልክ ጋር ትስቃለች። ከማን ጋር እንደሆነ እኔ ምን አውቄ? የዘንድሮ ልጆች ናቸው።"

ስልኩ ውስጥ የነበረው ሻርጃ የሚሠራው ወንድሟ ዙሄብ ነው። ያሳረረውን ወጥ እያሳየ ያስቃታል። ኻላ ሻይስታም ይህን ታውቃለች፤ ሁለቴ ሰላም ብላዋለች።

መህሩኒሳ አላለቀሰችም። ማታ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ "አሚ፣ ይቺን ሴትዮ መጀመሪያ ዓይኗን ነው የማስርበው" አለች።

"ቤት እንቀይር ማለትሽ ነው?"

"አይደለም። እዚሁ ሆኜ፣ በመሐላዬ እንደጸናሁ።"

መጀመሪያ የገዛችው ባለ ሙጫ ተጠቅላይ መጋረጃ ነበር። ባለሱቁ "ልጥፍ ነው፣ አለቀ" ብሏታል። የሙልታን ግድግዳ ግን ኖራ ቅብ ነው። ሙጫው ኖራውን እንጂ ግድግዳውን አልያዘም፤ በማግስቱ ሙቀቱ ሲበረታ መጋረጃው መዳፍ የሚያህል ቅብ ይዞ ወረደ። ኻላ ሻይስታ ለማየት ደረጃውን ወጣች።

"ሚስማር አትምቺ አልኩ እንጂ ግድግዳዬን ላጪው አልኩሽ?"

"አስቀባዋለሁ፣ ኻላ።"

"ቀቢውን እኔ ነኝ የምመርጠው" አለች፤ ፊቷ ግን ደስ ብሎታል።

ሁለተኛው ሞላ ያለው ዘንግ ነበር፤ በሁለቱ የመስኮት ጎኖች መካከል ተወጥሮ የሚቆም። መህሩኒሳ የመስኮቱን ስፋት ታች ለካች፣ ላይኛው እኩል ነው ብላ። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ነጥብ ትቀንስበት ነበር። ግንበኛው ላይኛውን ሁለት ጣት አስፍቶታል። ዘንጉ አንድ ቀን ውሎ፣ ፀጉሯን ስታበጥር ከነጨርቁ ጭኗ ላይ ወደቀ። ከሰገነቱ ሳቅ መጣ።

"ልጄ፣ ያንን ዱላ ምን ያስቸግርሻል? እኔ ባዳ ነኝ እንዴ?"

መህሩኒሳ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

በሦስተኛው መጀመሪያ አሰበች፣ ቀጥላ ገዛች። ሰዉ በረንዳ ላይ የሚሰቅለው ቺክ፣ ከቀርከሃ ስንጥቅ የተሠራው መጋረጃ፣ ነፋስ ያሳልፋል፤ ቀን ቀን ውስጥ ያለው ውጭውን ያያል፣ ውጭ ያለው ውስጡን አያይም። መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቤት ያለው ሁሉ ለውጭ ሰው ይታያል። ስለዚህ ከጀርባው ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ያስፈልገዋል፣ አየር በጎን እንዲገባ ላላ ብሎ የተሰፋ። የቀረው ክብደቱ ነበር። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋ ውስጥ የቀረውን የማስተማሪያ ማግኔት አውጥታ የመስኮቱን ክፈፍ ነካች። ጠቅ ብሎ ያዘ። ኻላ ሻይስታ ሌባ ስለምትፈራ ክፈፉን ሁሉ ከብረት ነው ያሠራችው።

ከቁራሌው ገበያ የተሰበሩ ድምፅ ማጉያዎች ገዝታ ሆዳቸው ውስጥ ያሉትን ክብ ማግኔቶች አስወጣች። እንጨት ላይ አሳሰረቻቸው፤ ቺኩን ከነጨርቁ እንጨቱ ላይ አሰረች፤ አንስታ ክፈፉ ላይ አስጠጋችው። ከእጇ ነጥቆ ተጣበቀ። እናቷ ጫፉን ይዛ ተንጠለጠለችበት ማለት ይቻላል፤ አልተነቃነቀም።

ያን ዕለት ኻላ ሻይስታ የገመድ አልጋዋን መጀመሪያ ወደ ቀኝ ጎተተች፣ ቆይታ ወደ ግራ። አተሩ ሳይፈለፈል መሸ።

"ልጄ፣ አያፍናችሁም?" አለች ከማዶ።

"አሁን ገና ተነፈስን፣ ኻላ።"

"ሚስማር መታሽ አይደል?"

"መጥተው ይዩ።"

መጣች። ግድግዳውን በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው። ቀዳዳ ስታጣ ቀዳዳ ያገኘች ያህል ተናደደች።

መህሩኒሳ በዚህ የረካች መስሏት ነበር። አልረካችም። ዓይን መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ሴት የሰው ቃል ምን እንደሚያፈርስ በራሷ እንድታውቀው ነው የፈለገችው።

ክረምት ሲገባ ለኡሩሳ የጋብቻ ጠያቂ መጣ። ኡሩሳ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ስትናገር ወለል የምታይ ልጅ። የልጁ ቤተሰቦች ደህና ሰዎች ናቸው፣ እዚያው ሙልታን የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሻዩ ተጠጣ። ኻላ ሻይስታ ያን ጊዜ ነው ከእሷ በላይ ማን እንደሚኖር ትዝ ያላት።

በማግስቱ ዛርዳ ይዛ ወጣች፤ ቢጫውን ጣፋጭ ሩዝ፣ በዘቢብና በለውዝ ያጌጠውን።

"ለእናትሽ ብዬ ነው፤ ትወደዋለች" አለች። ተቀመጠች። ዓይኗ ወደ ቺኩ ሄደ። "ይሄ ነገር አይከብድም? አናጢ ልላክልሽ። ሁለት ሚስማር ምን አላት፣ ቤቱ የእናንተው ነው።"

"አያስፈልገኝም፣ ኻላ። የእኔ መጋረጃ ሚስማር አይፈልግም።"

"ሰዎች መጥተው ሊጠይቁሽ ይችላሉ።"

"ወግ ነው።"

"ኡሩሳን እንደ እህትሽ ነው የምታዪያት።"

"እንደ እህቴ ነው የማያት" አለች መህሩኒሳ። ኻላ ሻይስታ ከዚህ በላይ ልታወጣ አልቻለችም። ሳህኑ በማግስቱ ታጥቦ፣ ጠርቶ፣ ባዶውን ወረደ። የጎረቤትን ሳህን ባዶ መመለስ ነውር መሆኑን በዚያ ሰፈር የአራት ዓመት ሕፃን ያውቃል።

የልጁ እናት ብቻዋን ወደ ላይ መጣች፤ ወፍራም፣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ብልህ ዓይን ያላት ሴት። የመህሩኒሳ እናት ሻይ አፈላች።

"ስለ ልጅቷ ንገሪኝ። አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ አትዋሺም።"

መህሩኒሳ ሲኒዋን በሁለት እጇ ያዘች። ብዙ ቀን ስትለማመደው ሰንብታለች። "እኔ ምን አውቃለሁ" ብትል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ጎረቤት ምን አውቃለሁ ካለ፣ አውቆ ደብቋል ማለት ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ሳለ ከታች የኡሩሳ መጥረጊያ ግቢውን ሲጠርግ ተሰማት። ያቺ ልጅ በማንም መስኮት አይታ አታውቅም።

"ወርቅ ናት" አለች። "እንከን አይወጣላትም። ቤታችሁ ብትገባ በረከት ነው የሚገባላችሁ።"

"እናቷስ?"

መህሩኒሳ ዝግ ብላ ፈገግ አለች። "እናቷ ሰው ይወዳሉ። የሁላችንንም ኑሮ ይከታተላሉ። ምን እንደበላን፣ ማን እንደደወለልን፣ መቼ እንደሳቅን ከእኛ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውንማ እንዴት አብዝተው እንደሚወዱ፤ ከዳሯት በኋላ ከእናንተ ቤት የሚጠፉ አይመስለኝም።"

ሴትዮዋ ሻይዋን አስቀመጠች። "ትልቁ ልጄ እንዲህ ያለች አማት አለችው" አለች። "ገባኝ፣ ልጄ። አላህ ይስጥልኝ" ብላ ተነሳች።

ቀለበቱ ታሰረ። በዚያው ቀን፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የልጁ እናት የኻላ ሻይስታን እጅ ይዛ፣ "እህቴ፣ ልጅሽ ከእንግዲህ የእኔ ናት። ሙሽሮቹ ኩዌታ ከተማ፣ የአንድ ቀን መንገድ፣ ትልቁ ልጄ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እሱም ሱቅ ከፍቶላቸዋል። ሲናፍቅሽ በበዓል ነይ። በየቀኑ መደወል ግን አዲስ ቤት ያናጋል" አለቻት። ሰዉ ሳቀ። ኻላ ሻይስታም ሳቀች፤ እንቢ ብትል ልጇ ከደጅ ተመላሽ ትሆናለች።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ደረጃውን ወጣች። አልተቀመጠችም።

"ምን አልሻቸው?"

"ወርቅ ናት አልኳቸው።"

"ስለ እኔ ነው የምጠይቅሽ።"

"ሰው ይወዳሉ አልኳቸው። ውሸት ነው?"

ኻላ ሻይስታ ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች። "ነገ ዕቃሽን ሸክፈሽ ውጪ ብልሽስ?"

"እንወጣለና። ግድግዳዎ ደህና ነው። ግን የኡሩሳ አማት ለምን ወጡ ብላ ትጠይቃለች። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፣ አልዋሽም።"

ኻላ ሻይስታ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ግድግዳዋን እየደገፈች ወረደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መህሩኒሳ ክፍሏ ገባች። ጨርቁን በአንድ ጣት ገለጥ አድርጋ በቀርከሃው ስንጥቅ ተመለከተች። ኻላ ሻይስታ የገመድ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ አተር የለም። ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ታነሳዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። መህሩኒሳ አልቸኮለችም። ሻይዋ እስኪበርድ ድረስ እዚያው ቆማ አየቻት። በማግስቱም እንዲሁ።

"ምን አለ እዚያ?" አለች እናቷ ከጀርባዋ።

"ምንም።"

"ምንም ከሌለ ልቀቂው እንግዲህ፤ ብርዱን አታስገቢብኝ።"

"ትንሽ ቆዪ፣ አሚ" አለች መህሩኒሳ፣ ዓይኗን ከስንጥቁ ሳትነቅል።