በርበሬ የሚሰጣበት ግቢ

ባሌ ዘመኑ የሚያመሰግን ሰው አይደለም። ወጥ ጥሞት እንኳ «ይበላል» ብሎ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ሰው ከፍኖተ ሰላም ተመልሶ፣ ራቱ እስኪቀዘቅዝ ስለ አንድ ሰፈር ሲያወራ ብትሰሙ ምን ትላላችሁ? እኔ ጠረጠርኩ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቡሬ ነበር። እሱ የግብርና ሠራተኛ ነው፤ ዝውውር ወደ ፍኖተ ሰላም ወጣለት። እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ስሜ ምሥራቅ ነው፣ ገበያ ላይ ግን «በርበሬዋ» ነው የሚሉኝ፤ ስለ ሸቀጤ ይሁን ስለ አፌ ጠይቄያቸው አላውቅም። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሆዴ ገፍቷል፣ እግሬ አብጧል፣ የሚነካኝ ሁሉ ያናድደኛል።

«ውሃ አይጠፋበትም» አለኝ። «ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ስለሆነ ቅዳሴው እቤትሽ ድረስ ይሰማል። ግቢው ደግሞ ሰፊ ነው፣ በርበሬሽን ታሰጪበታለሽ።»

«ጎረቤቱስ?»

«ጎረቤት ምን ይሆናል? ሰው ነው።»

ሰው ነው አለኝ። እኛ አገር ከቤቱ በፊት የሚታየው ጎረቤቱ ነው፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለጨዋታ አይደለም። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም እንዲህ ያለኝ ብዬ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ደላላው ስሜነህ የሚባል ተጫዋች ሰው ነበር። መጀመሪያ የወሰደኝ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ረዳቶቹ «ቡሬ፣ ቡሬ፣ ማርቆስ» እያሉ ጆሮዬን በሉት። «እዚህስ አውቶቡስ ይኑርበት» አልኩት። ቀጥሎ ወደ ወንዙ መውረጃ ወሰደኝ፤ ገና ክረምቱ ሳይከብድ ጭቃው ጫማዬን አወለቀው። «ለሰው ነው ለወባ የሠሩት?» ስለው ሳቀና ዘመኑ ወደ ወደደው ሰፈር መራኝ።

በሩ ሲከፈት ተናደድኩ። ቤቱ ጥሩ ነበር። ግቢው ሰፊ ነው፣ ዛፍ የለበትም፣ ፀሐዩ እንደ ልብ ነው፣ ቧንቧው ደጅ ላይ ነው። አንድ እንከን ባገኝ ብዬ ዞርኩ፣ ምንም አጣሁ። በቀርከሃው አጥር ማዶ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። ረጅም ናት፣ አንገቷ መቃ ነው፣ ቀስ ብላ ነው የምትሠራው፣ ማንም እንደማያስቸኩላት ሰው። ዞር ብላ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችን።

«ማን ናት?» አልኩት ስሜነህን።

«ንጋት ትባላለች፣ የማንኩሳ ሰው ናት። ቀሚስ ትጠልፋለች። ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ሰው አትነካም።»

ንጋት፣ የማንኩሳዋ። ይህን ስም ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ነው የምሰማው። ዘመኑ ገና ተማሪ ሳለ ወላጆቹ የዳሩለት የቀድሞ ሚስቱ ናት። አማቴ እመት ደስታነሽ ራሳቸው «መካን ናት» ብለው ከቤት አስወጧት፣ ከዚያ ደግሞ እኔ ወጥ ባሳረርኩ ቁጥር «ንጋት ብትሆን» እያሉ አቃጠሉኝ። ፊቷን አይቼው አላውቅም ነበር። እንግዲህ ባሌ ራቱን እያቀዘቀዘ ያወራልኝ ሰፈር ይህ ነው። ጎረቤት ሰው ነው ያለኝም ይህችን ነው።

ቀናሁ። ምን ደብቄ ምን አገኛለሁ? ቀናሁ፣ ውስጤ ነደደ። ስመለስ ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጭን፣ የገቡት ሴቶች ሁሉ አንገታቸው ረጅም መሰለኝ።

ቡሬ እስክደርስ አሰብኩ። ቤቱን አልፈልግም ብል ዘመኑ ምክንያት ይጠይቀኛል፤ ምክንያቱን ከነገርኩት ቀናተኛ እባላለሁ፤ ሌላ ሰፈር ብንገባም ከተማው ያው አንድ ከተማ ነው፣ እሱ ደግሞ እግር አለው። እኔ ከማላይበት ቢሆን ይሻለኛል ወይስ ከማይበት? ጅብ ከሚበላህ ጅቡን በልተህ ተቀደስ። ማታ «ቤቱን ወድጄዋለሁ፣ እንግባ» አልኩት። ደስ አለው። ደስ ማለቱ ደግሞ ሌላ እሳት ሆነብኝ።

በገባን በመጀመሪያው እሑድ ዘመኑ ከቧንቧው ጀሪካን ሞልቶ ሲመለስ ንጋት ከአጥሩ ማዶ «ዘመኑ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለችው። ስሙን ጠርታ። ጀሪካኑ ከእጁ ወደቀ፣ ውሃው ግቢውን አለበሰው። እኔ በር ላይ ቆሜ እያየሁ ነው።

«ማን ናት?» አልኩት ሲገባ።

«ጎረቤት ናት» አለኝና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ዓይኔ እያየ ዋሸኝ። ያን ቀን አልጮኽኩም። ዝም ስል እንደሚብስ እሱም ያውቃል፣ ምሳውን አቀርቅሮ በላ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። የሰፈሩ ሴቶች አራስ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ንጋትም መጣች፣ በእጇ የጠለፈቻትን ነጭ ቀሚስ ይዛ። ልጅቱን አንሥታ ታቀፈቻት። ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ማንን እንደምትመስል አልተናገረችም፣ አላሾካሾከችም። ልጅቱን አሸተተቻትና ዓይኗን ጨፈነች። የአራስ ቤት ወሬው ሁሉ በላይዋ ላይ አለፈ፣ እሷ አልሰማችም።

መላው የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው።

የኛን አገር ሰው ሌላ ሌላውን አትመኑት፣ በአበ ልጅ ግን አይቀልድም። ልጅሽን ክርስትና ያነሣች ሴት ለአንቺም ለባልሽም አበ ልጅ ናት። ከሥጋ ዘመድ ትብሳለች። በአበ ልጆች መካከል የወንድና የሴት ነገር አይታሰብም፤ ያሰበ ሰው ቄሱም አይናዝዘው፣ ሰፈሩም ሰላም አይለው። ቀርከሃ ይዘለላል፣ ይህ ግን አይዘለልም።

«ንጋት፣ ክርስትና ታነሺልኛለሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«ባለቤትሽስ?»

«ልጅቱን የወለድኩ እኔ ነኝ።»

ሐሳቤን እስከ ሥሩ እንዳነበበችው አውቃለሁ፤ እኔም እንድታነበው ፈልጌ ነበር። «እሺ» አለች፣ ልጅቱን ሳትመልስልኝ።

ዘመኑ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ምነው፣ ከእሷ ጋር የሚያግድ ነገር አለ?»

እስቲ ተናገር ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት። «የለም» አለኝ።

በሰማንያ ቀኗ መምሬ ኪዳነ ማርያም አጥምቀው ወለተ ሐና አሏት። ለዓለም ስሟ ቤቴል ነው። ንጋት ከመምሬ እጅ ተቀበለቻት፣ ማተቡንም በአንገቷ አሰረችላት። ድግሱ ላይ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዘመኑ፣ ለአበ ልጃችን ጠላ ቅዳላቸው» አልኩት። እኔ ባደግሁበት ቤት አበ ልጅ አንቱ ነው የሚባለው።

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሄደ። «ይጠጡ፣ አበ ልጅ» አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎም ይጠጡ» አለችው።

አንድ አልጋ ላይ ያደሩ ሰዎች አንቱ ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን የመጣ እንግዳ ሁሉ ምሥራቅ እንደዚህ ስትስቅ አይተን አናውቅም እያለ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስለ ባሌ አልሰጋሁም። እውነቴን ነው፣ በአጥሩ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብዬም አላየው። ግን አበ ልጅ በር አይዘጋበትም። ይህንንም አውቅ ነበር፣ ብቻ አላሰብኩትም። ንጋት ጠዋት መጥታ ልጅቱን ታጥባለች። እኔ ገበያ ስውል እሷ ዘንድ ትውላለች። ቤቴል የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ አጥሩ ነው። ጸጉሯን እኔ ልሥራት ስል ታለቅሳለች፣ እሷ ዘንድ ሄዳ ዝም ብላ ትሠራለች። ወባ ይዟት ስትቃዥ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ የማብስላት እኔ፣ የምትጠራው «እማ ንጋት» ነው።

እስቲ ፍረዱ። ባል ሌላ ሴት ቢያይ ለእናትሽ ትነግሪያለሽ፣ ለሽማግሌ ትነግሪያለሽ። ልጄ ሌላ ሴት ወደደችብኝ ብለሽ ለማን ትከሻለሽ? አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ በአጥሩ ሽንቁር ሁለቱን አየኋቸው። ንጋት ትጠልፋለች፣ ልጄ በጀርባዋ ተለጥፋ አንገቷን አቅፋ ተኝታለች። ያን ረጅም አንገት። ቤት ስገባ የምቀጠቅጠው ነገር ፈልጌ አንድ ቁና በርበሬ ወቀጥኩ።

በማግስቱ ሽንቁሩን በእሾህ ደፈንኩት። ዘመኑ ከሥራ መጥቶ አየውና ምንም ሳይቆጣ እሾሁን አንድ በአንድ አነሣ። «በአበ ልጅ በር እሾህ ይደረጋል?» አለኝ። ራሴ ያቆምኩት ሕግ ነው።

ልጅቱ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ዘመኑ ወደ መራዊ ተዛወረ። ሰው ሲዛወር ያዝናል፣ እኔ እልል ማለት ነው የቀረኝ። «የትኛው ሰፈር እንከራይ?» ሲለኝ «የፈለግኸው ይሁን፣ ብቻ ከዚህ ይራቅ» አልኩት። ዕቃውን ሳይነግሩኝ ማሰር ጀመርኩ።

ንጋት ልትሰናበተን መጥታ በበርበሬ ጆንያዎቹ መሐል ተቀመጠች። ልጅቱ ወዲያው ጉያዋ ገባች። እኔ ገመድ እየጎተትኩ አላያትም።

«አበ ልጅ» አለችኝ፣ «ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። ዘመኑ ይህን ግቢ ሊያይ የመጣ ቀን በአጥሩ አናግሮኝ ነበር።»

ገመዱን ለቀቅሁት።

«ፀሐይዋ እስከ ማታ ትቆያለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቴ በርበሬ ነጋዴ ናት፣ የቡሬው ግቢ ጥላ በዝቶበት በርበሬዋ እየሻገተ ስትናደድ ነው የምትውለው አለኝ። እኔ ገና ድምፁን ስሰማ አወቅሁት። እሱ ግን አላወቀኝም። ልጅ ሆኜ አይደል የሚያውቀኝ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ከገባችሁ በኋላ በስሙ ስጠራው ነው የደነገጠው።»

ያ ሁሉ ምስጋና ለፀሐዩ ነበር። ለኔ በርበሬ ነበር።

«እርስዎ ምን እንዳሰቡ አውቅ ነበር» አለች፣ ቤቴልን እያሻሸች። «አራስ ቤት ክርስትና አንሺልኝ ሲሉኝ ፊትዎ ላይ አየሁት።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ቢያውቁ ልጅቱን አይሰጡኝም ነበር።»

ድምፅዋን አልቀነሰችም፣ አላለቀሰችም። «እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት በልጅ ምክንያት ነው። ባል አላማረኝም፣ አበ ልጅ። ልጅ ነው ያማረኝ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ይህን ተረት ስንት ጊዜ በሌላ ሰው ላይ ተርቼዋለሁ። ማንም አልወሰደብኝም፤ ከገዛ ጉያዬ አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ደግሞም ስቄ፣ ደግሼ።

ማታ ዘመኑን «ጎረቤት ናት ብለህ ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት።

«ማን መሆኗን ብነግርሽ በማግስቱ ዕቃሽን ታወጪ ነበር» አለኝ። «ግቢውን ደግሞ ወደሽው ነበር።» ትራሱን አስተካክሎ ተኛ።

መራዊ ላይ ደላላው ሁለት ቤት አሳየን። አንዱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከመስኖው ማሳ ጥግ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ግቢው ሜዳ፣ ፀሐዩ እንደ ፍኖተ ሰላሙ። ሌላው መናኸሪያው አፍንጫ ሥር ነው፤ ግቢ የለውም፣ ረዳቶቹ ሲጮኹ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ዘመኑ ሳይጠይቀኝ ለፀሐያማው ቀብድ ሊሰጥ እጁን ኪሱ ከተተ።

ቤቴል ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እማ ንጋት ስትመጣ የት ነው የምትወርደው?»

ልጄን አየኋት። ከንጋት ብትርቅ ትረሳታለች ብዬ ነበር የመጣሁት። ልጅ አይደለች እንዴ፣ ትረሳት ይሆናል። እኔ ግን ያን ጉያ ባዶ ሆኖ በዓይኔ አየሁት፣ ልጅቱን ዘጠኝ ወር የተሸከመቻት እሷ የሆነች ያህል አንጀቴን በላችኝ።

«መናኸሪያው አጠገብ ያለውን» አልኩት ደላላውን።

ዘመኑ አፈጠጠብኝ። «በርበሬሽስ?»

«ቆርቆሮው ላይ አሰጣዋለሁ።»

ቅናቴ ለቀቀኝ አልላችሁም። መንገድ ሰላም በሆነ ቅዳሜ ሁሉ የፍኖተ ሰላም መኪና ሲገባ ቤቴል ቀድማ ትሰማለች። ከእጄ ላይ ጉርሻውን ትታ ትሮጣለች፣ እኔን ታክካኝ ታልፋለች፣ ዞራም አታየኝ። ያን ጊዜ ዛሬም ያቃጥለኛል። ተነሥቼ በሩን እከፍተውና የእግር ውሃ አሞቃለሁ፤ አበ ልጅን መንገዱ አድክሟቸው ይሆናል።