የአቶ ቢሻው መሬት በሙሉ

አቶ ቢሻው ልጃቸውን ባየሽን ለፎቶ አንሺ እንደማይድሩ ሸሕዲ ከተማ ሙሉ ያውቃል። የፎቶ አንሺውን የአለምሰገድን ስቱዲዮ የስልክ ካሜራ ካዘጋው ወዲህማ ስሙንም መጥራት ትተው "ያ ሥራ ፈት" ነበር የሚሉት። ልጅቱን ከሱ ማላቀቅ ቢያቅታቸው አንድ ዘዴ አመጡ። ኮኪት ያለውን የሰሊጥ እርሻቸውን፣ ከወንዙ እስከ ድንበሩ ግንደ ሰፊ ዲማ ዛፍ፣ ስንዝር ሳይጎድል በአንድ ፎቶ አስገብቶ ካመጣ ሽማግሌ ይቀበላሉ። ካልቻለ ባየሽን ይርሳት። የሳሎኑን ግድግዳ ለፎቶው ከወዲሁ አስለክተዋል፤ ሰውየው በመሬታቸው ስፋት ካልተኩራሩ ምሳ አይወርድላቸውም።

አለምሰገድ መጀመሪያ ስልኩን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ ቢያነሣው ቀጥ ያለው ድንበር ጎበጠ። አቶ ቢሻው ድንበሬን ማን ገፋው ብለው ሊማቱት ደረሱ።

የቀረችው ከአጎቱ የወረሳት የፊልም ካሜራ ነበረች። ይህች ካሜራ የምታነሣው በሌንሷ ነው፤ አንሺው የሚያየው ግን ከሌንሱ በተለየ መስኮት ነው። ሰፊ ሌንስ ሲገጠምላት ደግሞ በልኩ የተሠራ ማያ አናቷ ላይ ይሰካል። ስለዚህ መተማ ወርዶ፣ ካርቱም ያለውን የአባቷን ስቱዲዮ ጥላ ከጦርነቱ የሸሸችውን ኢሕሳንን አገኘ። ሁለት ሌንስ አወጣችለት። ሃያ አንድ ሚሊሜትሩ ከነማያው ነው፤ አሥራ አምስቱ ይበልጥ ሰፊ ነው፣ ማያው ግን መንገድ ላይ ጠፍቷል። ሃያ አንዱን ውሰድ አለችው፤ ሌላው የማትፈልገውን ሁሉ ያስገባል፣ ጥግ ላይ ያለውን ደግሞ ይለጥጣል። ምክር ለሰሚ ነበር። ባየሽን ያሰበ ሰው ጠባብ አይገዛም። አሥራ አምስቱን ገዛና የሃያ አንዱን ማያ ተዋሰ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ ሊደርቅ በሂላ በሂላ ቆሟል። አለምሰገድ የትራክተር ተጎታች ላይ ወጣ። ዲማው በስተቀኙ፣ ቅርብ ነው፤ በማያው ባይታይም ሌንሱ እንደሚያስገባው ያውቃል፤ የገዛውም ለዚሁ ነው። አቶ ቢሻው ከታች ቆመው ሲያዝዙ ሳለ ግን ማታ የበሉት ጥሬ ሥጋ ሆዳቸውን ቆረጠው። ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዲማው ሥር በካሜራው ይታይ እንደሆነ ጠየቁት። አለምሰገድ ዓይኑን ከማያው ሳያነሣ "አይታይም ጋሼ" አላቸው። ወደዚህ እንዳትዞር ብለው ወደ ዲማው ሄዱ። እሱም አልዞረም፤ ቀጥ ብሎ አነሣ።

ማታ ፊልሙን አጥቦ አተመው። መሬቱ ሙሉ ነው። ወንዙ አለ፣ ሂላው አለ፣ ዲማው አለ። ዲማው ሥር አቶ ቢሻው ቁጢጥ ብለው አሉ፤ ጥግ ላይ ስለዋሉ ሌንሱ ለጥጦ ለጥጦ ከዲማው ግንድ የሚተልቅ መቀመጫ ሰጥቷቸዋል። አለምሰገድ መጀመሪያ እስኪያነባ ሳቀ፤ ቀጥሎ የምሩን አለቀሰ። ጥጉን ቢቆርጠው ዲማው ይቀራል፣ ዲማው ከቀረ ባየሽ ትቀራለች። እንደገና እንዳያነሣ፣ ሰሊጡ በማግስቱ ሊራገፍ ነው፣ ሂላው ይፈርሳል፤ ሂላ የሌለበትን ሜዳ ደግሞ አቶ ቢሻው እርሻዬ ነው አይሉም።

እንዳለ ይዞት ሄደ። አቶ ቢሻው መነጽራቸውን ሰክተው ከወንዙ በኩል ሂላ መቁጠር ጀመሩ፤ ፊታቸው በራ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንቴ ግን ከትከሻቸው በላይ ሆነው ከዲማው በኩል ጀመሩ።

"ቢሻው፣ ይኸ አንተ አይደለህም?"

አቶ ቢሻው አዩ። የቀን ሠራተኛ ነው አሉ።

"ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርሁትን ላልለየው ነው?"

አለምሰገድ በሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ በልቡ ለካ። አቶ ቢሻው ፎቶውን ገልብጠው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

"መሬቱ አልጎደለም" አሉ በመጨረሻ። "እሁድ ሽማግሌ ላክ። ጥሎሽ ወርቅም ልብስም አልልህም፤ ፊልሙን ግን፣ ሁለተኛ እንዳይታተም፣ ይዘው ይምጡ።"

ፎቶው ዛሬ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀኝ ጥጉ ላይ፣ አቶ ቢሻው በገዛ እጃቸው፣ የባየሽንና የአለምሰገድን የሠርግ ፎቶ ሰክተውበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወይዘሮ ፈንቴ አቧራ ልጥረግ ብለው የሠርጉን ፎቶ ያነሡታል።