የምሥራች ስለት

ሐምሌ ላይ ለልብ ኦፕራሲዮን ስገባ፣ ባለቤቴ ምሥራች ለቅዱስ ገብርኤል ተስላ ኖሯል። በሕይወት ከወጣሁ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል አርባ ነዳያን በእጇ ልታበላ። እኔን ማንም አላማከረኝም። ብትጠይቀኝ ሃያ ይበቃዋል እላት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ምሥራች ሁለት ቀን ምስርና ጎመን ስትሠራ ከርማ፣ ፈረንጅ እንዳይቸገር ሩዝ ጨምራ፣ አርባ ባለ ክዳን ሣህን ሞላች። ቤት የሌላቸው የሚያድሩበት መጠለያ ጋ ስንደውል ግን ቤት የተሠራ ምግብ መቀበል ደንባቸው እንደማይፈቅድ ነገሩን። በትሕትና ነው የነገሩን፤ ምሥራች ግን አለቀሰች። አዲስ አበባ ቢሆን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ግን መስጠትም ቀጠሮ ይፈልጋል። ስለት ደግሞ ለነገ አይባልም።

«አታልቅሺ፣ ችግረኛ የሚበዛበት ፎረስት ሎን ሰፈር እንሂድ» አልኳት። «እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ በመስኮት ትሰጫለሽ።» ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ስለነዳሁ፣ ከመኪና ሳይወርዱ ሁሉ ነገር የሚያልቅ ይመስለኛል።

አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ቀስ እያልን ሄድን። ምሥራች መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሣህን ብትዘረጋ፣ ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች። ሁለት ወጣቶች ስንት ነው አሉ፤ በነጻ ነው ስንላቸው ጭራሽ ጥለውን ሄዱ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የተቀመጠ፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ያደረገ ግዙፍ ሰውዬ ደግሞ ሣህኑን እንኳ ሳያይ፣ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልተቸገርኩም» አለ። አንድ ሰዓት ዞረን አርባውም እንዳለ ነው።

የሰውየውን አነጋገር አወቅሁት። የራሴ ነው። ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማን ጠያቂዎች አንዱ የሆነው ኪራኮስ ቴምፕል ከሚባለው ሰፈር ድረስ ሾርባ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌ «ምንም አልተቸገርንም፣ ልጄ» ብዬ ከነሾርባው መለስኩት። ምሥራች ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ሞተሩን አጠፋሁና ወረድኩ።

«ወዴት ነው? ብርዱ ይገድልሃል!»

አንድ ሣህን ይዤ፣ ፌርማታው ላይ ማሞቂያ ያለው መጠለያ ውስጥ ገባሁ። ከሰውየው አጠገብ ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ። ምሥራች ተከትላኝ መጣች።

«መዝገቡ! የስለቱን በላህብኝ?»

አፌን ሞልቼ መጉረሴን ቀጠልኩ።

ሰውየው ጥቂት አየኝ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ምስር ነው። ያቃጥላል።»

«ቤት የለህም እንዴ፣ እዚህ የምትበላው?»

«አለኝ። ሐምሌ ላይ ደረቴን ከፍተው ልቤን ሲጠግኑኝ፣ ሚስቴ ከተረፈልኝ ሰው አበላለሁ ብላ ለእግዚአብሔር ቃል ገባች። የሚበላላት ሰው አጣች።»

ሰውየው የጃኬቱን ዚፕ ዝቅ አድርጎ ከአንገቱ ሥር የሚጀምረውን ጠባሳ አሳየኝ። «እኔ አምስት ዓመት ሆነኝ። ቃል የገባልኝ ሰው ግን የለም።» ከዚያ ምሥራችን ቀና ብሎ አያት። «እስቲ አንድ ስጪኝ።»

በሁለት እጇ ሰጠችው። ሁለት ጊዜ እንደጎረሰ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በርበሬው ነው አለ። እኔም በርበሬው ነው ብዬ የራሴን ጠረግሁ። ያቺን ባለ ጋሪ ሴት በስሟ ተጣራ። እሷም ሌሎቹን ጠራች። ምሥራች ከመኪናው ወደ መጠለያው ስትመላለስ ልጃገረድ ሆነች። ጀንበር ሳትጠልቅ አንድ ሣህን ብቻ ቀረ።

መኪናዋ ግን አልነሣም አለች። ባትሪዋ እንደኔው አርጅታለች፤ ለሷ ደግሞ የተሳለላት የለም። የባትሪ ማስነሻ ገመድ ከመኪናው የማይጠፋ የማውቀው ሰው ኪራኮስ ብቻ ነው። ስልኩን ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስት ጊዜ ኪሴ ከተትኩት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ ደወልኩ።

«ኪራኮስ፣ ተቸግሬአለሁ» አልኩት። ቃሉ ከምስሩ ይበልጥ አቃጠለኝ።

«የት ነዎት ጋሼ? ሺፍት ጨርሼ እየወጣሁ ነው፤ ሎኬሽኑን ቴክስት ያድርጉልኝ።»

ብዙም ሳይቆይ አጠገባችን ፓርክ አድርጎ መስኮቴን አንኳኳ።

«ጋሼ መዝገቡ፣ ዛሬስ በሩን ይከፍቱልኛል?»

ምሥራች በሳቅ ፈረሰች። እኔ አፈርኩ። ከፈትኩለት።

መኪናዋን ከራሱ ባትሪ ቡስት አድርጎ ካስነሣልን በኋላ፣ እስክትሞቅ ሦስታችን ውስጥ ተቀምጠን የቀረውን ሣህን ከፈትን። ኪራኮስ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል።

«ምሥራች፣ አንዱን እኔ በልቼብሻለሁ። ስለቱ ጎደለ ማለት ነው?»

«ምን ይጎድላል? አንደኛው ነዳይ አንተ አይደለህ?»

ሐምሌ ላይ ነዳይ ብትለኝ ቤቱ አይበቃንም ነበር። አሁን ግን እውነቷን ነው አልኩ። ወደ ኪራኮስ ዞርኩ።

«ያ ሾርባ የምን ነበር?»

«የአጃ ነው፣ ጋሼ። ባለቤቴ ናት የሠራችው።»

«አሁንም ትሠራለች?»

«ትሠራለች እንጂ!»

«እንግዲያው እሁድ ይዘህልኝ ና» አልኩት።