የከሰዓት ቅዳሴ

እጄን የጀመረኝ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጣቶቼ አበጡ። ጠዋት ስነሣ አይታጠፉም፤ ረፈድ ሲል ምንም እንዳልነካቸው ይላወሳሉ። ደባርቅ ውስጥ ጠዋት እጁ የማይደርቅ ሰው የለምና ብርዱ ነው ብዬ ተውሁት። ኋላ ልጄ ደርቤ ጎትቶ ጎንደር ወሰደኝ። ሐኪሟ አንጓዎቼን ጫን ጫን አድርጋ አየችና፣ ሰውነቴ የራሱን መገጣጠሚያ እየወጋ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ይድናል?» አልኋት።

«ጨርሶ አይድንም አባ፣ ግን ይያዛል። ኪኒኑን ቁርስ በልተው ይዋጡ፤ እንዳያቋርጡ።»

ለቄስ ቁርስ ብላ ማለት ቀላል መስሏታል። ቅዳሴ የሚገባ ሰው ውኃ እንኳ አይቀምስም። እንደምንም ጥቂት ጊዜ ወሰድሁና ዐቢይ ጾም ሲገባ እርግፍ አድርጌ ተውሁት።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው፤ እጄ ታዘዘልኝ። በጾም የአዘቦቱ ቅዳሴ ከሰዓት ነው። መቅደስ ገብቼ ኅብስቱን ስቆርስ ጣቶቼ እንደ ድሮው ሆኑ። የቅዳሜንና የእሑድን ጠዋት የሚቀድሰው ቄስ ማዕረግ ነበር። ጾሙ ፈወሰኝ አልሁ። በልቤ ይዤው ብቀር ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ለሰበካው ሁሉ አወራሁ። ሰዉም እጄን እያገላበጠ አምላኩን አመሰገነ። ኪኒኑን ጉልበቱን ለሚያመው ለጎረቤቴ ለደምለው ሰጠሁት። ባለቤቴ ገበያነሽ ወዲያው ሄዳ ነጠቀችው።

«አንቱ፣ ጠዋት ጠዋት የቀሚስዎን ቁልፍ የምቆልፈው እኔ አይደለሁ?» አለችኝ። «እጅዎን የፈታው ጾሙ አይደለም። ቀኑ ስለሚረፍድ ነው።»

እምነት የለሽም ብዬ ተቆጣኋት።

ፋሲካ አለፈ። የዳግም ትንሣኤ እሑድ ቅዳሴ በማለዳ ነው፤ ተራውም የእኔ ሆነ። ገና ልብሱን ስለብስ ጣቶቼ እንጨት ነበሩ። ቢሆንም ገባሁ። ያን ሁሉ ካወራሁ በኋላ እንዴት ልቅር? ኅብስቱን ስቆርስ ጣቴ አልጨበጠም። ቅዱስ ሥጋው ከእጄ አመለጠ።

መሬት አልነካም። አብሮኝ የገባው ማዕረግ መዳፉን ከሥር ዘርግቶ ተቀበለው። መዳፉን የዘረጋው ደግሞ ከማምለጡ በፊት ነው። ሲጠብቀኝ ነበር ማለት ነው።

መደንገጥ ነበረብኝ፤ አልደነገጥሁም። ማልቀስም አልመጣልኝ። ውስጤ ጭር አለ። ቅዳሴውን እሱ ጨረሰው።

ቤት ስገባ ገበያነሽ ልብሴን ፈታችልኝ። ቁራሽ እንጀራና ኪኒኑን አቀረበችልኝ፤ በላሁ፣ ዋጥሁ።

በማግስቱ ማዕረግ መጣ። ዳዊት ያስደገምሁት እኔ ነኝ፤ ዓይኔን ማየት ግን አቃተው።

«አባ፣ ጠዋት ጠዋቱን ለእኛ ይተዉልን። ለፍልሰታ ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ያኔ እርስዎ ይገቡልናል።»

«እሺ» አልሁት። ሰው ሁሉ ጾም እስኪፈታ ይጠብቃል፤ እኔ ከእንግዲህ እስኪገባ ልጠብቅ ነው።

በቀጣዩ እሑድ ኪኒኑን ለከሰዓት አቆይቼ ከሽማግሌዎቹ ጋር ውጭ ቆምሁ። ብርድ ነበር። የመቅደሱ መጋረጃ ተዘጋ። ኅብስቱ የሚቆረስበት ጸሎት ሲጀመር፣ ከጋቢዬ ሥር ጣቶቼ በልምዳቸው ሊቆርሱ ሞከሩ። አልታጠፉም።