መቶ ኳስ ያስቀልብህ

ልጄ ሙሰብ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ውስጥ ኳስ ቀላቢ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ገበያ ላይ ብርድ ልብስ እያከፋፈልኩ በቀን አሥር ጊዜ አስረዳለሁ፤ ታክቶኛል። እግር ኳስ ነው ይባላል፣ ግን በእግር ብዙም አይነኩትም። ኳሱም ክብ አይደለም። አንዱ ከኋላ ይወረውራል፣ የኔ ልጅ በዳር በኩል ሮጦ ይቀልባል፣ ከዚያ ግድግዳ የሚያካክሉ ሰዎች ይወድቁበታል። ከጎኔ መጋረጃ የሚሸጠው ያዲስ አበባው ለገሠ «ታዲያ ምኑ ነው ጨዋታ?» ይለኛል። እኔ ምን አውቄ!

ሙሰብ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ራግቢ ሲጫወት ሮጦ የሚደርስበት ጠፋ። አንድ የአሜሪካ አሠልጣኝ ቪዲዮውን አይቶ ወሰደው። ዘንድሮ የውድድሩ ዘመን ሳይጀመር፣ ገና ልምምድ ላይ እያሉ፣ አንድ የስፖርት ድረ ገጽ ብዙ ከሚጠበቅባቸው አዲስ ተጫዋቾች አንዱ ነው ብሎ ጻፈለት። ስልሳ ኳስ ይቀልባል፣ ስምንት ጊዜ ያስቆጥራል አለ። ልጁ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ጽሑፉን ያገኘው ሽኩር ነው። ሽኩር ያገሬ ልጅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፣ ወሬ ሲሆን ግን የሚቀድመው የለም። በስልኩ አስተርጉሞ ለጄፒ በሙሉ አነበበው። በሦስተኛው ቀን ዕቃ ሊጭኑ የመጡ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ «ስልሳው እንዴት ነው?» ይሉኝ ጀመር። እኔም «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ምን ልበል?

ከዚያ ሙሰብ ደወለ።

«ባባ፣ ታየርድ ነኝ» አለኝ።

«ታዲያ ተኛ።»

«የእንቅልፍ አይደለም። ልምምድ ላይ ሁለቴ ጭንቅላቴን ተመታሁ። አሁን ኳሱ ሲመጣ ኳሱን አላየውም፤ ሰውዬው ከየት እንደሚመጣብኝ ነው የማየው። ፈራሁ ባባ። ትቼ ልምጣ? እሺ ካልከኝ እመጣለሁ። እምቢ ካልከኝ እጫወታለሁ።»

ቤታችን ውስጥ «ደከመኝ» የሚል ሰው ኖሮ አያውቅም። እኔ ራሴ ድሮ ኦሬንጅ ፋርም ዱቄት ጆንያ ላይ ተኝቼ ሱቅ ስጠብቅ አላልኩትም። ሁለቴ ተዘርፌ በማግስቱ ስከፍት አላልኩትም። አሁን በምንኖርበት ቤሪያ ሰፈር ሰባተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ከቆመ ዓመታት ባለፉት ሕንጻ፣ በየቀኑ ስወጣ ስወርድም አላልኩትም። ልጄ እንደዋዛ ሲለው ቃሉ ራሱ አስደነገጠኝ። እሺም እምቢም አላልኩም። «ቅዳሜ ዱዓ እናደርግልሃለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ባለቤቴ ዘኪያ ሰምታለች። «ልጁ የጠየቀህ ሌላ፣ አንተ የሰጠኸው ሌላ» አለችኝ። እውነቷን ነው። መልስ ሲያጥረኝ ሰው እጠራለሁ፤ ሰው በተሰበሰበበት ማንም መልስ አይጠይቀኝም።

ቅዳሜ ከአሱር ሶላት በኋላ ሰዉ መጣ። የነሐሴ ነፋስ መስኮቱን ያንቀጫቅጨዋል፤ እዚህ አገር ነሐሴ ብርድ ነው። ሽማግሌያችን ሐጂ ተማም በየፎቁ እያረፉ፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ደረሱ። ለገሠም መጣ፤ ክርስቲያን ቢሆንም ከዱዓችን ቀርቶ አያውቅም። ዘኪያ ሻይና ሳምቡሳ አቀረበች። ሽኩር ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፎ ለሙሰብ በቪዲዮ ደወለለት። እዚያ ጠዋት ነው። ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ዘርግቷል፤ ከቅንድቡ በላይ አብጧል።

በኛ ወግ ሰዉ በየተራው ይመርቃል፣ ሌላው «አሚን» ይላል። የሚመረቀው ሰው ሥራ እጁን ዘርግቶ «አሚን» ማለት ብቻ ነው። መዝጊያው የአባት ነው።

ሽኩር ጀመረ። «ያ አላህ፣ ስልሳውን ኳስ አስቀልበው!»

«አሚን!» ቤቱ ተናወጠ። ሙሰብም «አሚን» አለ።

ሐጂ ተማም ተቆጡ። «ስልሳ ብሎ ዱዓ ምንድን ነው? አላህን የምትለምነው ፈረንጅ የገመተውን ነው እንዴ? ለሱ ምን ይሳነዋል! ልጄ፣ መቶ ኳስ ያስቀልብህ!»

«አሚን!»

«ቆመው የሚጠብቁህን እንደ ገለባ ይበትንልህ!» አለ ለገሠ። «አሜን!» ብሎ የራሱንም ራሱ ተቀበለ።

ከበሩ አጠገብ አንዱ መቶ ሃያ አለ። ሌላው ማስቆጠሩን ከስምንት ወደ ሠላሳ ከፍ አደረገው። ጨረታ ሆነ። ደግሞ ሁሉም ከልቡ ነው፤ ሰው ለሰው ልጅ እንዲህ ሲመኝ ማን ይቆጣል? እኔ ግን ስልኩን አያለሁ። መቶ ሲባል የሙሰብ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለውም። መቶ ሃያ ሲባል ከንፈሩም ቆመ። እጁን እንደዘረጋ ያየናል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ስላጭ መስታወት ውስጥ የማየው እሱን ነው።

«በል ሻፊ፣ ዝጋው» አሉኝ ሐጂ ተማም።

ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። ስም የሚያስጠራ፣ አባት የሚያኮራ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፤ ሽኩር እንዲያውም ሁለት መቶ እንድል ሳይጠብቅ አልቀረም። አፌን ስከፍት የተዘጋጀው ጠፋ።

«ሙሰብ» አልኩ። «ደክሞሃል። ሰምቼሃለሁ፤ ያን ለት መመለስ ነበረብኝ። አላህ ጤናህን ይስጥህ። በሰላም ወደ ቤትህ ያግባህ። ሌላ ምንም አልለምንልህም።»

አሚን የሚል ጠፋ። ሽኩር ቀና አለ። «ሻፊ፣ ተሳሳትክ እንዴ? ልጁ እኮ ሊጀምር ነው!»

«አልተሳሳትኩም።»

«ሰዉን ምን እንለዋለን?»

«ደከመው በለው» አልኩት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። «የሻፊ ልጅ ደከመው፣ ተመለሰ በለው።»

ያኔ ሙሰብ ከስልኩ ውስጥ «አሚን» አለ። ቀጥሎ «አሚን ባባ» አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሃያ ዓመቱ ነው። በነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት፣ እጁን ሳያጥፍ፣ አለቀሰ። ዘኪያ ከማድቤቱ በር «አሚን» አለች። ለገሠም «አሜን» አለ።

ሐጂ ተማም ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ምርቃት ተመርቆ አይመለስም ይላሉ» አሉ። «እኔ ግን መቶዬን መልሻለሁ። ና ልጄ፣ ቤትህ ግባ።»

ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ፊታቸው ላይ አበሱ። ሰዉም ተከትሎ አበሰ። እኔም አበስኩ፤ እጄን ከፊቴ ላይ ማንሳት ግን አቃተኝ።