የእሑድ ስልክ

«ባለፈው ወር እንኳ ከእናቴ ጋር በስልክ አውርተናል» አለ ጋሽዬ፣ ለስንተኛው እንግዳ እንደሆነ እንጃ። «ከኔ ይልቅ እሷ ታስታውሳለች። የልጆቼን ስም አንድ በአንድ ጠርታ፣ የትንሹን ሳል ሳይቀር ጠየቀችኝ።»

ታናሽ እህቱ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ዛሬም «ትንሿ» ይላታል። እናታቸው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጋሽዬ ከሚሠራበት ሩቅ ከተማ ከመጣ ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል፤ ቁጭ በል ቢባል አይሰማም። ያቺን የስልክ ወሬ ባነሳ ቁጥር ትንሿ ፊቷን ታዞራለች።

«ታዲያ በድንገት ምን አገኛቸው?» አለች አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ፣ ትንሿን በጎሪጥ እያየች። በሹክሹክታ ማውራቷ ነው፤ ጓዳ ድረስ ተሰማ።

በድንገት!

እናታቸው የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ደንበኛ ከበር ሲገባ አይተው ብቻ የወገቡን ልክ ይነግሩት ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ግን የሰፉትን መተርተር ጀመሩ። «ጠማማ ነው» ይላሉ፣ ቀጥ ያለውን ስፌት። የሰው ኮት ተረተሩ፣ መጋረጃ ተረተሩ። ትንሿ መቀሱን ስትደብቅባቸው በጥርሳቸው ቀጠሉ። ሐኪሙ የጭንቅላታቸውን ምስል እያሳየ፣ አንጎላቸው መጠኑ እየቀነሰ መሆኑን ነገራቸው። እሳቸው ሳቁ።

«ጨርቅም ሳይታጠብ ከተሰፋ፣ ኋላ ሲታጠብ ይሰበሰባል» አሉት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ግን የትንሿን እጅ ጨብጠው፣ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» ብለው አስማሏት።

ማለች። የሞኝ ሥራ ሠራች። እሑድ እሑድ ስልኩ ሲጮህ አጠገባቸው ተቀምጣ የሚሉትን በአንደኛው ጆሯቸው ትነግራቸዋለች፤ የልጆቹን ስም፣ የትንሹን ሳል። እሳቸው እንደ ተማሪ ይደግማሉ። ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ «አንቺ ሴትዮ፣ ማን አስገባሽ?» ይሏታል። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ነውር ነው ይባላል። ትንሿ ግን ተናዳለች፤ በእናቷም፣ በመሐላዋም፣ በር ላይ በቆመው ወንድሟም። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይሉ የለ!

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲቀንስ ጋሽዬ ተከትሏት ጓዳ ገባ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ጤነኛ ሴት ነበረች። ካመማት ጥሪኝ አላልኩሽም?»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ጤነኛ ሴት! አራት ዓመት አጥቤያታለሁ፣ አጉርሻታለሁ። የልጆችህን ስም የምነግራት እኔ ነበርኩ፣ ጋሽዬ። በጆሮዋ። ሳሉንም የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ግድግዳውን ያዘ። «የመጨረሻው ስልክስ? ሄሎ እንዳለችኝ የተቋረጠው?»

«አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። የምነግራትን ትታ ወደ እኔ ዞረችና ‹ይሄ ሰውዬ ማነው?› አለች። ስልኩን ዘግቼ ጮኽኩባት። ‹ልጅሽ ነው፣ ልጅሽን ረሳሽው?› አልኳት። እንደዚያ ቀን ጮኼባት አላውቅም።»

«ከዚያስ? ምን አለች?»

«‹የማንም ልጅ ይሁን፤ ድምፁ ደክሟል። ግባና ተቀመጥ በይው› አለችኝ።»

ጋሽዬ ጥግ ላይ ወዳለው የስፌት መኪና ሄደና ከሥሩ የእናቱን አጭር ወንበር ሳበ። ሦስት ቀን ያላጠፈውን ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ።

የውጭው በር ተንኳኳ። አልተነሳም። ትንሿ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ እንግዶቹን ልትቀበል ወጣች።