ይመለስ፤ ሎሚ ይጨመርበት

ሀጂ ጃፋር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በግብርና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ በእነዚህ ሠላሳ አንድ ዓመታት ግን አንዲት ቅጠል በአፋቸው ዞራ አታውቅም። ስለ ቲማቲም ደብዳቤ ጽፈዋል። ስለ ባሚያ ኮሚቴ መርተዋል። ስለ ጎመን ንግግር ሊያደርጉ ዋድ መደኒ ከተማ ድረስ ሄደው፣ ከንግግሩ በኋላ የበግ ጥብስ በልተው ተመልሰዋል።

"አትክልት የምናመርተው ሕዝቡ እንዲበላው ነው" ይሉ ነበር። "እኔ ሕዝብ ነኝ እንዴ?"

ይህን ንግግር ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ካለው ቤታቸው ወጥ ቤት ሆና ዘጠኝ ዓመት ያዳመጠችው ሙላቷ ናት። ሙላቷ የአርማጭሆ ሰው ናት፤ በመተማ በኩል አንድ ሻንጣ ይዛ ገብታ፣ አሁን አርባን ተሻግራለች። የሀጂ ሚስት ካረፉ ወዲህ ወጥ ሠሪዋም፣ ቤት ጠባቂዋም፣ የሀጂ መነጽር የት እንዳለ የምታውቀው ብቸኛዋ ሰውም እሷው ነች። አረብኛዋ አንቱታ አያውቅም፤ በሆዷ ግን ሁልጊዜ አንቱ ትላቸዋለች።

በየካቲት ማለቂያ ላይ የሀጂ ልጅ አሚና ከዶሃ ደወለች።

"ሙላቷ፣ ስልኩን ወደ አባቴ አታዙሪው፤ አንቺን ነው የፈለግሁት" አለች። "በባዶ ሆዱ ስኳሩ ሁለት መቶ ስድሳ ነው። ክኒኑን ይውጣል፣ በላዩ ሥጋና ባቅላባ ይደርብበታል። ዶክተሩ ለአፕሪል ሃያ ዘጠኝ ቀጥሮታል። ያን ቀን ከመቶ ሃምሳ በታች ካልወረደ መጥቼ እወስደዋለሁ። ቤቱንም እዘጋዋለሁ። ኻላስ!"

"ዶሃ!" ብለው ጮኹ ድምፅዋን የሰሙት ሀጂ ከሶፋቸው ላይ። "ሰው ከቤቱ የሚወጣው መኪናው ውስጥ ለመግባት ብቻ የሆነበት አገር! አገሬ ከሠላሳ ዓመት እንቅልፏ ልትነሳ ስትል እኔ አውሮፕላን ላይ ልውጣ?"

"እንግዲያው ስኳሩ ይውረድ" አለች አሚና። "አደባባይ ላይ እንደምትጮኹት ነው፤ ተስጉት በስ!"

ተስጉት በስ ማለት "ይውደቅ፣ በቃ" ማለት ነው፤ ሰልፈኛው መንግሥቱን የሚለው። በዚያ ሰሞን ካርቱም ውስጥ ይህን የማይል ሕፃንና ወታደር ብቻ ነበር፤ ሕፃናቱም እየተለማመዱ ነበር።

ሙላቷ "ኢንሻአላህ" ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቤቱ ከተዘጋ እሷም ተዘጋች ማለት ነው። ጓሮ ያለችው ክፍሏ የዚህ ቤት ናት፤ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለት ነው፣ የተያዘው በሀጂ ስም ነው። አፕሪል ሃያ ዘጠኝን በራሷ አቆጣጠር ስትመታው የፋሲካ ማግስት ሆነ። ሁዳዴ ደግሞ ሰኞ ይገባል።

"ጥሩ" አለች ለራሷ። "አብረን እንገባለና።"

ሐሳቡ ቀላል ነበር። የጾም ምግብ ማለት ሐኪሙ ያዘዘው ነገር ማለት ነው፤ ጎመኑም ምስሩም ከእርሷ ጋር አንድ ድስት ላይ ይውጣ። ሰኞ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት የሰሊጥ ዘይት ሠራች። ማክሰኞ ፎሶሊያ በካሮት። ረቡዕ የሱዳኖቹን ሩጅላ፣ ያችን ቅጠለ ወፍራም፣ ሎሚ ሎሚ የምትል አትክልት፣ በምስር አበሰለች።

አንድ ነገር ግን ረስታለች። ከቅዳሜና እሁድ በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳን በአፏ አይገባም፤ የሀጂ ምሳ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ወጡን የምትለካው በአፍንጫዋ ነው። ሽንኩርቱ መብሰሉ ይሸታል፤ ነጭ ሽንኩርቱም ማረሩ ይሸታል። ጨው ግን አይሸትም።

"ይሄ ለታመመ ሰው የሚሰጥ ነው" አሉ ሀጂ ሰኞ ዕለት።

"እርስዎም ታመዋል።"

ማክሰኞ አንድ ጊዜ ጎረሱና ውሃ ለመኑ። "ያ ሙላቷ፣ ቀይ ባሕርን ነው የቀቀልሽልኝ?"

ረቡዕ ሩጅላዋን ሳይነኩ ጠገብኩ ብለው፣ መስጊድ ልሂድ ብለው ወጡ። ሲመለሱ ሙላቷ በር ላይ ቆማ ነበር።

"ሀጂ፣ ጉበት በልተዋል።"

"ማን አየኝ?"

"ማንም አላየዎትም። ከሙን ሸተቱኝ።"

"ላ ኢላህ ኢለላህ! ሕዝቡ የስለላ መሥሪያ ቤት ይፍረስ እያለ ይሰለፋል፤ ለካ አንዱ ቅርንጫፍ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው!"

በማግስቱ ጠዋት የስኳር መለኪያዋ ማሽን ሁለት መቶ ሰባ አንድ አለች።

ሙላቷ ጉዷን በአጥር ላይ ለይመኙሻል ነገረቻት። ይመኙሻል የጎረቤት ቪላ ወጥ ሠሪ ናት፤ ምላሷ ከቢላዋዋ የተሳለ።

"አንቺ ደግሞ ሐኪም ቤት ከፈትሽ አሉ!" አለቻት። "ሳትቀምሺ የሠራሽውን ማን ይብላልሽ? እኔም ብሆን ጉበቴን ፍለጋ እወጣለሁ።"

"ታዲያ ጾሜን ልሻር?"

"ማን ሻሪ አለሽ? ባለፈው ረመዳን ማዳሜ ስትጾም ማን የቀመሰላት ይመስልሻል? እኔ ነኛ! እኛ በዓለ ሃምሳ ላይ ነበርን፤ እሷ ትሠራለች፣ እኔ እቀምሳለሁ። ወፍሬ ነው የወጣሁት። በይ አንቺም ሰውዬሽን ጥሪና አስቀምሺ።"

"ሀጂን? ወጥ ቤት? ቤቱ ከተሠራ እግራቸው ረግጦት አያውቅም።"

"ይርገጡታ! አብዮት ነው፣ የእኔ እህት።"

በማግስቱ ሙላቷ ወጡ ሲበስል፣ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ከወጥ ቤት በር ተጣራች። "ሀጂ! እኔ ጾመኛ ነኝ። ይቅመሱልኝ።"

ሀጂ መጡ። ደፉን ከመሻገራቸው በፊት እንደ ድንበር አዩት። ማንኪያውን ተቀበሉ፣ ነፉት፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ውሳኔ ሲጠይቃቸው ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ሙላቷ ያወቀችው ዓይናቸውን ሲገልጡ ነው።

"ይመለስ" አሉ። "ሎሚ ይጨመርበት።"

ጨመረች። እንደገና ቀመሱ።

"ከጨውም ጥቂት። ጥቂት አልኩሽ! … አሁን ጸድቋል።"

የጸደቀውን ምሳ ሳህኑ እስኪጠራ ድረስ በሉት። የራስን ፊርማ መሻር ከባድ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ወጥ ቤቱ ቢሮ ሆነ። ሀጂ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መነጽራቸውን አድርገው ይገባሉ። በከሰል የተጠበሰ ባዚንጃን፣ ያው ደበርጃኑ፣ ልጡ ተልጦ፣ ዳኳ በሚሉት የለውዝ ቅቤና በሎሚ ተለውሶ ቀረበ፤ ያለ ማሻሻያ ጸደቀ። ሽሮው "ቀጥኗል" ተብሎ ተመለሰ። ቀይ ሥሩ በድንች ፈንታ ከጀርጂር ቅጠል ጋር ይቅረብ የሚል መመሪያ ወጣ። አዚፋ የቀረበ ቀን ግን፣ ያው ድፍን ምስሩ ተቀቅሎ፣ ሲቀዘቅዝ በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚና ከዴም ሰፈር የሀበሻ ሱቅ በገዛችው ሰናፍጭ ተለውሶ፣ ሀጂ ቀምሰው አፍንጫቸውን ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ምነው ሀጂ?"

"ትናንት ቡሪ ሰፈር ሰልፈኛው ላይ የተኮሱት አስለቃሽ ጋዝ ይሄው ነው" አሉ። "ግን ይሄኛው ይጣፍጣል። ድገሚኝ።"

በመጋቢት ማለቂያ ላይ ማሽኗ መቶ ሰማንያ ስምንት አለች። ሙላቷ ቁጥሩን ቀን መቁጠሪያዋ ላይ በእርሳስ ጻፈችው።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። በአፕሪል ስድስት ሕዝቡ ቂያዳ፣ የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ በር ላይ ሄዶ ተቀመጠና አልነሳም አለ። በአምስተኛው ቀን ሠላሳ ዓመት የገዛው ሰውዬ ወረደ። ሕዝቡ ግን ሰውዬው እንጂ ወንበሩ አልወረደም ብሎ እንደተቀመጠ ቀረ። ሀጂም በትራቸውን ይዘው፣ በእግራቸው፣ በየቀኑ ወደ ቂያዳ። ምሳ ሰዓት ላይ አይመለሱም።

"እዚያ ምን ይበላሉ?" ብላ ጠየቀች ሙላቷ።

"ሕዝቡ የሚበላውን።"

ሕዝቡ የሚበላውን ይመኙሻል አይታው መጥታለች። "አይ አንቺ! በረከት ነው!" አለቻት። "ሳንድዊቹ በነጻ፣ ሻዩ በነጻ፣ ስኳሩ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ!"

ማሽኗ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አለች። ለአፕሪል ሃያ ዘጠኝ ሁለት ሳምንት ቀርቷል።

ሰኞ ዕለት ሙላቷ አንድ ትልቅ ድስት አዚፋ ሠራች። ሚዛኑን ማን ይቅመስላት? አራት ሳምንት ሙሉ የሀጂን ፊት ስታነብ ከርማለች፤ ጨውን በዓይኗ ለምዳዋለች። ድስቱን በነጠላዋ ቋጥራ ተሸከመችና ከአል-ማንሺያ ወጣች። የቂያዳን መንገድ ከዘጋው የድንጋይ ክምር ዘንድ የሚፈትሹ ወጣቶች አስቆሟት።

"ኻልቲ፣ አክስታችን፣ እጅሽን ወደ ላይ! ፍተሻው በጨዋ ደንብ ነው፤ አትቀየሚን።"

"እጄን ካነሳሁ ድስቱ ይወድቃላ!"

አንደኛው፣ ኦመር የሚባል የምሕንድስና ተማሪ፣ ድስቱን ተቀበላትና ክዳኑን ገልጦ አፍንጫውን አስገባ። ወዲያው ወደ ኋላ ተፈናጠረ፤ ያስላል፣ ያነባል፣ ይስቃል።

"ጋዝ ይዛ መጥታለች!"

"ጋዝ አይደለም፤ ምሳ ነው። ሀጂ ጃፋርን የት ነው የማገኛቸው? ረጅም፣ በትር ያላቸው፣ ስለ ጥጥ የሚያወሩ።"

"ኦ! የጥጡ አባት!"

እዚያው ካለው የባቡር ድልድይ ሥር ነበሩ። ነጭ ጀለቢያቸው አቧራ ጠጥቶ፣ በምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ወጣቶች ከበዋቸው፣ በእርግጥም ስለ ገዚራ ጥጥ ያወራሉ። በቀኝ እጃቸው የጉበት ሳንድዊች ይዘዋል። ሙላቷን ሲያዩ ወሬው ጥጡ ላይ ቀረ።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አሉ።

"የማን ነው?"

"የሕዝብ ነው።"

"ሕዝቡ ነክሶታል።"

ድልድዩ ሥር የነበረ ሁሉ ሳቀ። ሙላቷ ግን አልሳቀችም። ድስቱን አስቀምጣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሀጂ፣ ልቆጣዎት አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው" አለች። "የዛሬ ሁለት ሳምንት እርስዎ ዶሃ ሲሄዱ፣ እኔ ኢቃማዬን ይዤ የትኛው ቢሮ ነው የምሄደው? ኃላፊ ስለነበሩ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነው።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ሲመልሱ የኖሩት ሀጂ ሳንድዊቹን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ኦመር ግን ጠረኑ አላስቀመጠውም። አንዴ በዳቦ ጠለቀና "ያ ሰላም!" ብሎ አደነቀ። ሌላው ጠለቀ። ሌላው ማንኪያ ፈለገ። ድስቱ ዙሪያ ሰው በዛ።

"ቀስ!" አሉ ሀጂ ድንገት። "ቀስ በሉ እንጂ! ይሄ የሚበላው በማንኪያ ነው፤ ሎሚውን የጨመርኩት እኔ ነኝ! … ያ አውላድ፣ እናንት ልጆች፣ ለእኔም ተዉልኝ!"

ማንም አልሰማቸውም። ድስቱ ታች ታች አለ። ሀጂ ሳንድዊቹን አዩት፣ ድስቱን አዩት፤ ከዚያ ተነስተው ሳንድዊቹን ኦመር እጅ ላይ አስቀመጡና ከሥሩ ድስቱን ከነጭልፋው ነጠቁት።

"ለውጥ ነው" አሉ። "ሕጋዊ ነው።"

ሁለት ጭልፋ ቀርቶ ነበር። አንዱን እዚያው ቆመው በሉ። ሁለተኛውን ሊጎርሱ ሲሉ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። የእሳቸው ሰዓት ለሦስት አሥር ጉዳይ ይላል፤ የሙላቷ ዘጠኝ ማለት የእሳቸው ሦስት እንደሆነ በዚህ አንድ ወር አውቀውታል። ክዳኑን መልሰው ገጠሙት፤ በትራቸውንም በላዩ አጋደሙበት።

"አሥር ደቂቃ" አሉ። "ይሄ የሙላቷ ነው። የሚነካው ሰው ከእኔ ጋር ይተያያል።"

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሁለቱ አብረው በእግር ወጡ፤ እሷ ድስቱን፣ እሳቸው ሎሚውን ይዘው። ከድልድዩ ሥር "የአትክልት ኮሚቴ" የሚባል ነገር ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩን መናገር አያስፈልግም። ፋሲካ ዕለት ሙላቷ ዶሮዋን በላች። ምርመራው በማግስቱ ስለነበረ ሀጂ አጥንቷን ሲያዩ፣ ምራቃቸውን ሲውጡ፣ ሲያዩ፣ ጎመናቸውን በሉ። እስላሙ ሀጂ ሁዳዴን ከእሷ በአንድ ቀን አስበልጠው ጾሙ።

ውጤቱ መቶ አርባ አንድ ሆነ።

ዶክተሩ ክኒኑ ነው አለ። ኦመር የእግር መንገዱ ነው፣ ማለትም አብዮቱ ነው አለ። ይመኙሻል ምክሬ ነው አለች። ሀጂ ምላሴ ነው አሉ። ሙላቷ ስልኩን ይዛ የአሚናን ፊት ትጠብቅ ነበር።

አሚና ወረቀቱን በስልኩ ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ቤቱ ይቆይ" አለች በመጨረሻ። "ሙላቷ፣ ኢቃማሽ የሚታደሰው መቼ ነው? አባቴን ንገሪው፤ በዚህ ሳምንት ይሂድበት።"

"ነገ ጠዋት!" ብለው ጮኹ ሀጂ። "እዚያ ቢሮ እኔን የማያውቀኝ የለም። እስካሁን ከኖሩ።"

ከሳምንት በኋላ ረመዳን ገባ። ዶክተሩ በግማሽ ልቡ ነው የፈቀደላቸው፤ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ያፈርሳሉ ብሎ። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙላቷ ወጥ ቤት ስትገባ ሀጂ ቀድመዋታል። የጀለቢያቸውን እጅጌ ጠቅልለው፣ ሩጅላዋን አጥበው፣ ምስሩን ጥደው፣ ወገባቸው ላይ ፎጣ አስረዋል።

"የዛሬው ማፍጠሪያ የእኔ ነው" አሉ። "ግን ጾመኛ ነኝ። ያ ሙላቷ፣ ቅመሺልኝ።"

ሙላቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ ማንኪያውን ተቀበለች፤ ነፋችው፣ ቀመሰችው፣ ዓይኗን ጨፈነች። በዓለ ሃምሳ ነው፤ አትቸኩልም። ሀጂ ጃፋር እጃቸውን ከፊታቸው አጣምረው፣ ኃላፊ ፊት እንደቆመ ጸሐፊ፣ ይጠብቃሉ።

"ይመለስ" አለች። "ሎሚ ይጨመርበት።"

ሀጂ ሎሚውን አንስተው ቢላዋ ፍለጋ ዞሩ። የት እንደሚቀመጥ አሁን ያውቁታል።